ሲነሡ እሳቱ ይጠፋል

ወይዘሮ ወርቂቱ በርጩማውን እየጎተቱ ከጋዙ እሳት አጠገብ አደረሱትና ጉልበታቸው የሥራ ጠረጴዛውን እስኪነካ ተጠግተው ተቀመጡ።

“እዚሁ ሆኜ ነው የማየው” አሉ። “እጅሽ ከጠረጴዛው በታች እንዳይወርድ። አደራ!”

“ጉልበቴን ቢበላኝስ እትዬ?” አለች ፈይዛ።

“ትችይዋለሽ።”

ፈይዛ እሳቱን ለኮሰች። ጠረጴዛው ላይ፣ በነጭ መሐረብ ላይ የተቀመጠው የወይዘሮ ወርቂቱ አምባር ነው፤ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ዳር ዳሩ የገብስ ዘለላ የተቀረጸበት። ይህን አምባር መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ካዩት ይልቅ የሰሙለት ይበልጣሉ እንጂ። በጠገራ ብር ተሠራ፣ ከአያታቸው ለእናታቸው ለወይዘሮ ፈንታዬ ወረደ፣ ከወይዘሮ ፈንታዬ ለእሳቸው። አንድ ዓመት “የደሴ ነጋዴ በአንድ ላም ካልወሰድኩት ብሎ ለመነኝ” ይላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ላሟ ሁለት ትሆናለች። ዘንድሮ አንደኛዋ ጥጃ አስከትላለች።

ዛሬ አምባሩ የመጣው ሐብል ሊሆን ነው። ልጃቸው የኔአለም ከነገ ወዲያ እሑድ ታገባለች። አዲስ አበባ የምትኖረው ይቺ ልጅ ጓደኞቿ አንገት ላይ አይታ የወደደችው፣ በቴሌግራም አገላብጣ የመረጠችው የፈይዛን ሥራ ነው፤ ስሟ በፊደል ተቆርጦ፣ ከኋላው የፈይዛ ትንሽዬ ማህተም የተመታበት። እናትየው “ከደሴ ይምጣልሽ፣ ከዱባይ ይምጣልሽ” ብለው ቢለምኗት አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ እሺ ያሉት አንድ ነገር ታይቷቸው ነው፤ ዘመድና አማች በተሰበሰበበት ሐብሉን ከፍ አድርገው ይዘው “የአያቴ ብር ነው!” ሲሉ።

የፈይዛ ሱቅ መነኻሪያው ጀርባ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ አምፖል፣ ብር የሚቀጠቀጥበት አንድ መስፍ። ከአቀስታና ከወረኢሉ የሚያዟት ዕቃቸው በሚኒባስ ረዳት እጅ ይደርሳቸዋል። እዚሁ ከተማው ያለ ደንበኛ ግን ይቀመጣል። በእኛ አገር ሰው ወፍጮ ቤት እህሉን፣ አንጥረኛ ቤት ብሩን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ነውር የለውም፤ በርጩማውም የተቀመጠው ለዚሁ ነው። የወይዘሮ ወርቂቱ አጠባበቅ ግን ለየት ይላል። አምባሩን አንዴ፣ የፈይዛን እጅ አሥር ጊዜ ነው የሚያዩት።

“ሻይ ልቅዳልዎት?” አለች ፈይዛ።

“ዓርብ አይደል እንዴ? ጾም ላይ ነኝ።”

“ሻይ ምን ሥጋ አለው እትዬ?”

ወይዘሮ ወርቂቱ ኩባያውን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። የቀጥቃጭ ልጅ ኩባያ መጾማቸው ነው።

“አትቀየሚኝ እንግዲህ” አሉ ቆይተው፣ ብትቀየማቸው ቅንጣት እንደማይገዳቸው በሚያስታውቅ ድምፅ። “አባትሽ ይህንኑ አምባር ሲጠግን ሸርፎብናል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በግ ልትገዛ ብቅ ብላ ብትመለስ ቀሎ ጠበቃት።”

“ሰምቻለሁ።”

መስማትስ ሰምታለች። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወይዘሮ ፈንታዬ አምባሩን ወደ ላይ ይዘው “አሕመድኑር ብሬን በላው!” እያሉ ገበያውን ሲዞሩ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ፈይዛ ከኋላ ከኋላቸው እየሄደች ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ለአባቷ ለጋሽ አሕመድኑር ብር ይዞ የመጣ ሰው የለም። የሰው ማንቆርቆሪያ ሲበይዱ፣ የሰው ቢላ ሲስሉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ቤት ዋሉ። ለልጃቸው ያወረሷት መስፋቸውንና አንድ ምክር ነው፦ “ባለቤቱ ሲነሣ እሳቱን አጥፊ፤ ብሩንም በእጁ አስይዢው።” ፈይዛ ሱቋን ከከፈተች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። አንዲት አፈኛ ሴት ገበያ ወጥታ “ልጅቱም እንደ አባቷ ናት” ካለች፣ በማግሥቱ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል። ይህን ፈይዛ ታውቃለች። ወይዘሮ ወርቂቱም ያውቃሉ፤ በርጩማው ላይ እንደዚያ ተመቻችተው የተቀመጡት ስለሚያውቁ ነው።

ስልካቸው ጮኸ።

“ሃሎ! ድንኳኑ ነው?” እያሉ ሊነሡ ሲሉ ፈይዛ እሳቱን ድርግም አድርጋ አምባሩን በመሐረቡ ጠቅልላ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

“ምነው? አልሠራም ልትዪ ነው?”

“ኧረ እሠራለሁ። ሲነሡ እሳቱ ይጠፋል፣ ብርዎም አብሮዎት ይነሣል። የቤቱ ሕግ ነው።”

ወይዘሮ ወርቂቱ በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው አምባር ይዘው በሩ ላይ ቆመው ስለ ድንኳኑ ተጨቃጨቁ። ተመልሰው ተቀመጡ፤ እሳቱ ተለኮሰ። እንደገና ስልክ፤ አሁን ሠንጋው ነው፣ ከስቷል። እሳቱ ጠፋ፣ አምባሩ ተነሣ። “እኔን ደግሞ ዕቃ ተሸካሚ አደረገችኝ!” ብለው አጉረመረሙ። በሦስተኛው የደወለችው ራሷ የኔአለም ስለነበረች አልተነሡም።

“እማ፣ ማህተሙ እንዳይረሳ በያት! ያለ ማህተም የፈይዛ ነው ብል ማን ያምነኛል?”

“እሺ፣ እሺ፣ ትመታልሻለች።” ዘጉትና ወደ ፈይዛ ዞሩ። “ጉድ እኮ ነው! የቀጥቃጭ ማህተም ፋሽን ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር?”

ፈይዛ አምባሩን ለማለስለስ እሳቱን ዞር ዞር እያደረገች ታስነካው ነበር። አምባሩ ጋለ። ጋለና ጠቆረ፤ የብር ባልሆነ አጠቋቆር፣ እንደ ድስት ቂጥ። ከመግጠሚያው አጠገብ ብቻ የስንዴ ፍሬ የምታህል መስመር ነጭ እንደሆነች ቀረች። ፈይዛ አምባሩን ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ዳሩን በሞረድ ፋቅ አድርጋ አንዲት የአሲድ ጠብታ አሳረፈችበት።

ጠብታዋ አረፋ ደፍቃ አረንጓዴ ሆነች።

በሌላ በኩል ሞከረች። አረንጓዴ። ከውስጥ። አረንጓዴ። ነጯ መስመር ላይ ስትሞክር ግን ነጭ ሆና ቀረች።

“እትዬ ወርቂቱ፣ እባክዎ እንዳይነሡ” አለች።

“ማን ተነሣ?”

“ስልክ ቢጮኽም እንዳይነሡ።” ከመሳቢያዋ ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ፣ ከፊታቸው፣ የራሷን የብር ሽቦ አንሥታ ያንኑ ጠብታ ጠብ አደረገችበት። “ይህ ብር ነው፤ አዩት? ነጭ ነው። ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው።”

“ምን ልትዪ ነው?”

“አምባሩ ብር አይደለም።”

ወይዘሮ ወርቂቱ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን እንደ ነጠላ ሰብሰብ አድርገው፣ “ለወጥሽው!” አሉ።

“መቼ?”

መቼ ይበሉ? ከጠዋት ጀምሮ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የጠበቁት ራሳቸው ናቸው። ሲነሡም አምባሩ በእጃቸው ነበር፤ ድንኳኑንም ሠንጋውንም የተጨቃጨቁት እሱን ይዘው ነው። ከሥራቸው ሁሉ እንደዛሬው አበጥረው የሠሩት የለም።

ግን ወይዘሮ ወርቂቱ ሌባ አያጡም።

“እንግዲያው አባትሽ ነው! ያን ጊዜ ሸረፈ ስንል ለካ ሙሉውን ነው የወሰደው!”

ይህን ጊዜ ፈይዛ ደነገጠች። ሽርፍራፊ አይደለም፣ ሙሉ አምባር። ለአንድ አፍታ ያ ጥርጣሬ በእሷም ልብ ውል ብሎ አለፈ፤ በማለፉም ፊቷ ጋለ። ስልኳን አነሣች። የስልኳ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ድምፁ በማጉያው ካልተለቀቀ አይሰማም።

“አባዬ፣ የወይዘሮ ፈንታዬ አምባር እጄ ላይ ነው።”

ጋሽ አሕመድኑር ወዲያው ጠየቁ፦ “አሲድ ጠብ አደረግሽበት?”

“አዎ።”

“አረንጓዴ?”

“አረንጓዴ።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ሽማግሌው፣ ሳቃቸው ከሳል ጋር እየተጋፋ። “እኔም ሞክሬው ነበር። ከመግጠሚያው አጠገብ ነጭ መስመር አለች አይደል? ስንጥቁን የበየድኩባት ናት። የራሴን ብር አቅልጬ ነው፤ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ አልይዝልህ ቢለኝ።”

ፈይዛ ቀና ብላ ወይዘሮ ወርቂቱን አየች። “ስንጥቁን ያውቁታል እትዬ?”

አለማወቅ አይችሉም። በገዛ ሰርጋቸው ዕለት፣ ሲጨፍሩ ከእጃቸው አምልጦ ድንጋይ ላይ የወደቀ ጊዜ ነው የተሰነጠቀው፤ እስኪጠገን ዓመታት ቆይቷል። ይህንንም ለከተማው ስንት ጊዜ አውርተዋል። ስንጥቁ እዚሁ አለ፣ እዚያው ቦታ፣ ተበይዶ። አምባሩ ያው አምባር ነው።

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም አባዬ?”

“ብናገር ለወጠው ይሉኝ ነበራ! ሙሉ ሌባ ከመባል ሸራፊ ሌባ መባል ይሻላል ብዬ መረጥኩ። እስቲ አንቺዬ፣ ከቆርቆሮ ምን ይሸረፋል?” ቀጥለውም፣ “ሴትዮዋ አለች?” አሉ።

“ተቀምጠዋል። ይሰማሉ።”

“በይ ሰላም በይልኝ። ሰርጉንም አላህ ያሳምረው።” ስልኩ ተዘጋ።

አያትየዋ እውነተኛውን ሸጠውት ይሁን፣ ወይስ ከመጀመሪያውም ያው ይሁን፣ ፈጣሪ ይወቀው። ወይዘሮ ወርቂቱም ሊያውቁት አልፈለጉም። የፈለጉት በሩን ገርበብ ማድረግ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ መነሣት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ እዚያው እንደተቀመጡ ድምፃቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ።

“ይህ ነገር ከዚህ አይውጣ። ካንቺው ብር ሥሪልኝ፤ የጠየቅሽኝን እከፍላለሁ።”

“እሠራለሁ። እሑድ ግን ሐብሉን ከፍ ሲያደርጉ ‘የአሕመድኑር ብር ነው’ ይበሉ።”

“በአማቾቼ ፊት?”

“በአማቾችዎ ፊት። እናትዎ ገበያ ላይ ነው ያሉት፤ የእርስዎ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ይቀላል።”

“የቀጥቃጭ ስም ጠርቼ ልጄን ልዳር?” ወይዘሮ ወርቂቱ አምባሩን አገላበጡት። ከጠቆረው ዳሩ ላይ ጥቀርሻውን በአውራ ጣታቸው ሲጠርጉት ብልጭ አለ። ፊታቸውም አብሮ በራ። “ሲወለወል ያበራል?”

“ያበራል።”

“ታዲያስ! በዚሁ ሥሪዋ። ማን አሲድ ይዞ ሰርግ ይመጣል?”

ፈይዛ ሰውን እንደዚያ አይታ አታውቅም፤ አረንጓዴ አረፋ የደፈቀችውን ጠብታ ባየችበት ዓይን ነበር ያየቻቸው። ቀጭኑን መጋዝ አነሣችና፣ ከሁሉ አስቀድማ ነጯን መስመር ዙሪያዋን ቆርጣ አወጣቻት።

“እሷን ምን ልታደርጊ?”

“ብር ስለሆነች ነው።”

“ብር ከሆነችማ የኔ ናት!”

“የአባቴ ናት። ከእርስዎ ቆርቆሮ ትንሽ ተከትሏታል፤ ሞርጄ እመልሳለሁ።”

ሞረደችም። በግራና በቀኝ የተከተለውን አጥርታ ሞርዳ፣ ዱቄቱን ወረቀት ላይ ጠርጋ፣ እንደ በርበሬ ጠቅልላ በወይዘሮ ወርቂቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላቸው። “ሸረፈች እንዳይሉኝ።”

ከዚያ ሠራች። አምባሩን ቀጥቅጣ ዘረጋችው፣ ፊደል በፊደል የልጅቱን ስም ቆረጠች፣ ሞረደች፣ ወለወለች። ክፉ ሥራ መሥራት አታውቅበትም፤ ስሙ አማረ። ወይዘሮ ወርቂቱ ተቀብለው ገና ፊቱን ሳያዩ ጀርባውን ገለበጡት።

“ማህተሙስ?”

“ማህተሜን ብር ላይ ነው የምመታው።”

“ልጄ አትቀበለኝም እኮ! ስትነግረኝ ሰምተሽ የለም?”

“ማን ሐብል እየገለበጠ ሰርግ ይመጣል እትዬ?”

ወይዘሮ ወርቂቱ ቀሉ፣ ጠቆሩ። ከዚያ ድምፃቸው በአንዴ ማር ሆነ። “ፈይዛዬ፣ አንቺ እኮ ለኔ እንደ የኔአለም ነሽ። አንዴ ቶክ ብታደርጊው ምን ይጎድልብሻል? ምን መሆንሽ ነው፣ እ? እስቲ አቦ፣ ያን ሻይሽን ቅጂልኝና እንነጋገር።”

“ጾም ላይ ነዎት” አለች ፈይዛ፣ የሰንሰለቱን የመጨረሻ ቀለበት እየበየደች።

ወይዘሮ ወርቂቱ ተነሡ። ፈይዛ እሳቱን አጠፋችና ሐብሉን በነጩ መሐረብ ጠቅልላ በእጃቸው ሰጠቻቸው። የዱቄቷን ጥቅል ረስተዋት ነበር፤ እሷንም ጨመረችላቸው። ደጃፉ ላይ ስልካቸው ሲጮኽ ተሰማ፤ “አዎ፣ አልቋል! የአያቴ ብር፣ ብታዪው!” እያሉ በመነኻሪያው በኩል ራቁ።

ፈይዛ በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ የስንዴ ፍሬ የምታህለዋን ብር መስፉ ላይ አስቀመጠች፤ ማህተሟን አነሣች፤ አንዴ መታችባት።