የእትዬ ዘርትሁን እርም

ደሳለች ቀን ቀን ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ አባቷ ክር ታጠነጥናለች፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ ታለቅሳለች። የኪነት ቡድኑ ተዋናይት ናትና ሥራዋ ነው። ልጇ ግንባር የሞተባት እናት ሆና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች። ገና አልወለደችም፣ አልቀበረችም፤ ስታለቅስ ግን ድንጋይ ታስለቅሳለች።

የሰፈሩ ሴቶች ያንኑ ቲያትር በየሳምንቱ ያዩታል። ለኪነት ፍቅር እንዳይመስላችሁ! በዚያ በቀይ ሽብር ዓመት መንግሥት ልጁን ለገደለበት ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ድንኳን መጣል ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል። ስለዚህ ቤት ያልተለቀሰው ሁሉ አዳራሽ ይለቀሳል። ደሳለች «ልጄን!» ስትል አግዳሚው ሁሉ አብሯት ይንሰቀሰቃል፤ እያንዳንዷ ለራሷ ሟች።

ያልመጡት የደሳለች ጎረቤት እትዬ ዘርትሁን ብቻ ነበሩ። አንድ ልጃቸው አምኃ፣ የዊንጌት ተማሪ፣ ተገድሎ መንገድ ዳር ከተጣለ ወዲህ አልጋ ላይ ወድቀዋል። ማንበብ ለማትችለው ደሳለች የቲያትሩን ቃል እያነበበ ያስጠናት የነበረው እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ አስጠሯት።

«ነገ እንደምንም እመጣለሁ» አሏት። «እርሜን አላወጣሁም እኮ ልጄ። አንቺ ጀምሪልኝ፣ እኔ እከተልሻለሁ።»

«እሺ እትዬ። ፊት ወንበር እይዝልዎታለሁ።»

በማግስቱ ቲያትሩ ሊጀመር ሲል ካድሬው ጓድ ኃይለ መለኮት ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ስሙን ከነመለኮቱ ተሸክሞ እግዜር የለም እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። ክፋት እንጂ ሞኝነት አልነበረበትም፤ ሴቶቹ ለማን እንደሚያለቅሱ ገብቶታል።

«ከዛሬ ጀምሮ እናትየዋ አታለቅስም» አለ። «ልጇ የወደቀው ለአብዮቱ ነው፤ እልል ትላለች። አለቅሳለሁ የምትል ካለች ለማን እንደሆነ ሌላ ቦታ ትጠየቃለች።»

ሌላ ቦታ የት እንደሆነ ደሳለች ታውቃለች። አምኃንም የወሰዱት እዚያ ነው።

መጋረጃው ተከፈተ። እትዬ ዘርትሁን ፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን ለማዘቅዘቅ ጫፉን ይዘው ይጠብቃሉ። መልእክተኛው መጥቶ ልጅሽ ሞተ አላት። ደሳለች አፏን ከፈተች፤ እልልታውም ለቅሶውም አልወጣ አለ። እትዬ ዘርትሁንን አየች፤ በሩ ላይ የቆመውን ካድሬ አየች። አሮጊቷ ዐይኗን ተከትለው ዞር አሉና ነገሩ ገባቸው።

«ል…» አለች ደሳለች። «ልጄን» ልትል ነው።

ያን ጊዜ እትዬ ዘርትሁን ብድግ አሉ። የያዙትን ጫፍ ለቀቁና በዚያ በደከመ ጉሮሯቸው እልልታውን አቀለጡት። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀበሏቸው፤ ደሳለችም እንባዋ እየወረደ እልል አለች። ካድሬው አጨበጨበ።

ሕዝቡ ሲወጣ ደሳለች እግራቸው ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ እርምዎን…»

«ተይ ልጄ» አሉ ቀና እያደረጓት። «አንድ ሆድ ሁለት ያልተለቀሰ ሬሳ አይችልም።»

ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። የሞቱት በበሽታ ነውና ለእሳቸው ማልቀስ አልተከለከለም፤ ድንኳንም ተጣለ። ደሳለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሀል ገባችና ደረቷን እየደቃች «አምኃ! አምኃዬ!» እያለች ሙሾውን አወረደች። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ የሟቿን ስም ተሳሳትሽ ያላት አንድም ሰው አልነበረም።