ቦራን የበላው ተዝካር

የውድነህ አባት በታኅሣሥ መባቻ ሞቱ። ጣሊያን ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቤታቸው እንግዳ የማይጠፋበት ሰው ስለነበሩ፣ የመንደራቸው የድብ ባሕር ሰው አርባቸውን በጉጉት ጠበቀ።

አጎቱ አያ ሐብተ ማርያም ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው እየሰማ ያዙት። «ያን የመሰለ ሰው በንፍሮ ልትሸኘው ነው? ምነው ልጄ፣ በምን ዐይናችን ሰው እንይ?»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ጥሩነሽ ሌላ አለችው። «ካህናቱንና ድሀውን እናብላ፤ ይበቃል። በሬ እንዳትነካ! ልጃችንን ስንድር ‹እጁ የማይጨበጥ፣ አባካኝ› ብለው ያሙህ እኒሁ አጎትህ አይደሉም?»

ውድነህ ለሁለቱም እሺ አለ።

የተዝካሩ ዋዜማ ጥሩነሽ ጋን ልትዋስ ጎረቤት ሄደች። ስትመለስ የቦራ ቆዳ ደጅ ተወጥሮ አገኘችው። ከጥማዱ ብርቱው በሬ እሱ ነበር። ቢላዋ አነሳችና ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ውድነህ ብትሰድበው በወደደ።

በማግስቱ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ «የአባቱ ልጅ!» ብሎ መረቀው።

ግንቦት ሲገባ ዘነበ። አንድ በሬ የቀረው ሁሉ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ቀድሞ ተቀናጅቷል። ውድነህ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ወደተቀመጡት አጎቱ ሄደ።

«አያ፣ በሬዎን ለሁለት ቀን ያውሱኝ።»

«ምነው ልጄ!» አሉ አያ ሐብተ ማርያም ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የሚያርስ በሬ ለድግስ ይታረዳል? ቋጥሮ የማያውቅ ሰው ቤት አይቆምለትም።»

ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው» አሉ። ከቦራ ሥጋ ያልቀመሰ ከመካከላቸው አልነበረም። ‹እርስዎ አይደሉም ወይ ያሉኝ› የሚለው ቃል ከውድነህ ከንፈር ደርሶ ተመለሰ።

«ልክ ነዎት አያ» አለ ጎንበስ ብሎ።

ማሳውን ለአጎቱ የእኩል ሰጠ። በመኸር የምርቱን ግማሽ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ እሳቸው ጎተራ ገለበጠ።

በዓመቱ ጎረቤቱ ሰጠኝ ሞተ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ መበለቲቱ ስንዱ ወደ ውድነህ ዞረች። «አያ ውድነህ፣ እርስዎ አይተውታል። ለአርባው በሬ ልረድ?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። አያ ሐብተ ማርያም ፊት ለፊቱ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ይደባብሳሉ። ጥሩነሽ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ ታየዋለች።

«እንግዲህ... እንደ ወጉ ነው» አለ ውድነህ።

ጥሩነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በነጋታው ጠዋት ብቻዋን ስንዱ ዘንድ ሄደች፤ ምን እንዳለቻት ለባሏ አልነገረችውም። ስንዱ ለአርባው ንፍሮ ቀቅላ፣ ጠላ ጠምቃ ካህናቱን አበላች። መንደሩ «ቋጣሪ፣ ባሏን የናቀች» እያለ ከረመባት። በግንቦት ግን ሁለቱ በሬዎቿ በወንድሟ እጅ ማሳዋን አረሱ።

ውድነህ በማሳዋ በኩል ሲያልፍ ስንዱ ካለች፣ ዐይን ለዐይን ላለመገጣጠም በገደሉ በኩል ዞሮ ይሄዳል።