የሙሜ ላንድሮቨር በተደለደለው ጎዳና

በጭሮ ዋና ጎዳና ዳር ከቆሙት አሮጌ መኪኖች የቀረችው የሙሜ ላንድሮቨር ብቻ ናት። ኤንትሬ የጭነት መኪኖቹ ተጎትተው ሄደዋል፤ ጫት ያመላልሱ የነበሩት ፔጆዎች ለብረት ተቆራርጠዋል። የቆርቆሮ ሱቆቹ ፈርሰው መስታወት የለበሰ ፎቅ በቅሏል፤ የጠዋት ጥላው ሚኤሶ ድረስ ወርዶ ግመል ያሳርፋል።

ሙሜ ላንድሮቨሯ ቁልፍ ገና ሲያሳዩዋት እንደምትነሳ፣ በበደሳ መንገድ ሁለት አይሱዙ በአንድ ገመድ ጎትታ ከጭቃ እንዳወጣች ይምላል። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ መሆኑን ግን ለሚስቱ ለዘይቱና እንኳ አልተናገረም። ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ያቆማታል፤ ጎህ ሲቀድ ሰው ሳያይ ታኮውን ከጎማዋ ሥር ይመዝና ይለቃታል፤ ቁልቁለቱን ሳትጨርስ ትነሳለች።

መንገዱ ለሥራ ሲዘጋ ሁለት ወር ቆመች። በዚያው ሰሞን ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ከተማ መሰላል አይደለም፣ ይህን ቁልቁለት ሙሉልን ብሎ ሦስት ሰዓት የተናገረው ራሱ ሙሜ ነው። ሞሉለት። ሰሃን አደረጉት።

ዛሬ ረፋድ ላይ የመንገዱ መሐንዲስ ወሰንየለሽ ሎደር አስከትላ መጣች። ስድስት ሰዓት ላይ ከቦታው ያልተነሳ መኪና ለብረት ይሄዳል አለችው። ሙሜ ስቆ ገባ። ቀና ሲል ግን ጎዳናው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለና ዝም። ቢያንስ አራት ሺህ ሕዝብ ቆሞ ያያል።

«አያ ሙሜ» አለ የባጃጅ ሹፌሩ ሳቢት፣ «ቁልፉ የጎረቤት ነው እንዴ?»

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሎደሩ አካፋውን ዝቅ አድርጎ ተጠጋ። የላንድሮቨሯ የኋላ መብራት ተሰበረ። ሙሜ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሞተሪኖ የላትም» አለ። «ግፉልኝ።»

ሳቢት አልሳቀም። ባጃጁን ጥሎ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወሰንየለሽ ሰዓቷን አየችና ሎደሩ እንዲቆም እጇን አነሳች።

«ጋሽ ሙሜ፣ ሦስት ደቂቃ።»

ገፉ። ሙሜ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቀ፤ አሳላትና ሞተች። እንደገና ገፉ፤ ሞተች። በሦስተኛው ጎዳናውን በጭስ ሞልታ ተነሳች።

ሙሜ አላቆማትም። ቢያጠፋት በዚያ ሜዳ ማን ሊያስነሳት? ወደ በደሳ በሚያስወጣው መንገድ ያለው ዳገት ላይ አድርሶ፣ አፍንጫዋን ቁልቁል አዙሮ አቆማትና ለዘይቱና ደወለ፤ ምሳውን እዚያው እንድታመጣ፣ ከእንግዲህም መኪናቸው እዚያ እንደምታድር ነገራት።

እስከ መቼ ብላ ጠየቀችው።

ቁልቁለቱን እስኪመልሱት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተናጋሪው እኔ ነኝ አላት።