ሃያ ሁለት የሳሙና ማተሚያ

እመት የብርጓል የተናደደችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የዚያን ቀን ንዴቷ ተሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ በረሃ ያለ አህያ ሁሉ ተጭኖም አይጨርሰውም ነበር። ጩኸቷን ቁይ ገበያ ላይ ጤፍ ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች ሰማን ብለው ይምላሉ፤ ቁይ ደግሞ ለፈጣን በቅሎ እንኳ ከቀን መንገድ ያልፋል።

ያናደዳት ግራዝማች አንሙት ነው። ጣሊያን ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ያደረለት፣ ግራዝማችነቱንም ከጣሊያን የተቀበለ ሰው ነው። ሁለት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስከትሎ ጓሮዋ ገባና ሃያ ሁለቱን የሳሙና ማተሚያዎቿን እየለቀመ በጆንያ ከተተ።

«የጣሊያኑ ሻለቃ ሊያያቸው ይፈልጋል» አለ።

«ዓይን ካለው እዚሁ መጥቶ ይያቸው።»

«ሻለቃ የሰው ጓሮ አይገባም።»

«አንተስ ምን አስገባህ?»

 ጆንያውን ለአንደኛው አስካሪ አሸክሞ ወጣ። የብርጓል እስከ አጥሩ ድረስ ተከትላ ያወረደችበት ስድብ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ፣ ሰባት ትውልድ ወደ ታች የሚደርስ ነበር። የአንሙት ቅድመ አያት ከመቃብር ተነሥቶ ይቅርታ ሊጠይቃት ትንሽ ነው የቀረው።

ለማያውቅ ሰው እነዚያ ማተሚያዎች የመዳፍ ስፋት ያላቸው የዋንዛ ቁርጥራጮች ናቸው። ለየብርጓል ግን ዕድሜዋ ናቸው። የብርጓል ነቃሽ ናት። በማርቆስና በዙሪያዋ አንገቷን ተነቅሳ የተዳረች ሴት ሁሉ በእሷ መርፌ ሥር አልፋለች፤ መርፌዋ ያልነካው አንገት ከተገኘ የወንድ አንገት ነው። ሳሙና መሥራት የጀመረችውም ለዚሁ ነው። የተነቀሰ አንገት ንጹሕ ካልተያዘ ይመግላል፤ እንዶዱ ደግሞ ለጋቢ እንጂ ለቆሰለ ቆዳ አይሆንም፤ ያቃጥላል።

ስለዚህ ሥሩ በተበሳ ጋን የብሳና አመድ ሞልታ፣ ውኃ እያንጠባጠበች፣ የሚወርደውን ቡናማ ውኃ ታጠራቅማለች። እንቁላል ጥላበት ከሰጠመ ገና ነው፤ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ያንን ከበሬ ሞራ ጋር ቀኑን ሙሉ ታፈላና፣ አሞሌ ጨው ፈጭታ ስትበትንበት ሳሙናው እንደ እርጎ ረግቶ ከላይ ይሰፍፋል። ጠጅ ሳር ጨምቃበት ሣጥን ውስጥ ታፈስሰዋለች፣ ሲረጋ በሲባጎ ትቆርጠዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ሙያው። ቶሎ የታተመ ሳሙና ጠርዙ ይፈርሳል፤ ዘግይቶ የታተመ ይሰነጠቃል። አውራ ጣት ስትጫነው የማይሰምጥበት፣ ጥፍር ስታሳርፍበት ግን የሚቀበልበት አንድ ግማሽ ቀን አለ። ያችን ግማሽ ቀን ከየብርጓል በቀር ከግብፅ እስከ ህንድ የሚያውቃት ፍጥረት የለም።

በማተሚያዎቹ ላይ የቀረጸችው በሴቶቹ አንገት ላይ የነቀሰችውን ነው፦ ባለ ሦስት ድርድር ሐብሉን፣ የዓሣ አጥንቱን፣ አደይ አበባውን፣ የእባብ መንገዱን። መስቀል ግን በአንዱም ላይ የለም፤ መስቀል ያለበት ይዞ ብብቱን የሚያሽ ክርስቲያን አይገኝም። ሳሙናው የሚሸጠው ጎረቤቷ በነፊሳ ሱቅ ነው። ነፊሳ የክርስቲያን እርድ ሞራ ስለማትነካ የብርጓል በኑግ ዘይት ለብቻ ትሠራላታለች። በሁዳዴ ደግሞ ካህናቱ በሞራ ሳሙና ፊት መታጠብ ጾም ያስፈታል አያስፈታም ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረው፣ ክርክሩ ሳያልቅ ሁሉም የኑጉን ገዝተው ገቡ።

እንግዲህ የተወሰደባት ይህ ነው። እሑድንና ሰኞን ምንም አልበላችም፤ ንዴት ብቻ ነበር የምታላምጠው። ማክሰኞ ነፊሳ በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ደብቃ መጣች።

«የብሬ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ተናገሪ።»

«ከጦር ሰፈሩ ሱቅ የተገዛ ነው» አለችና ሳሙና አውጥታ ሰጠቻት።

የብርጓል ዐወቀችው። የዓሣ አጥንቱ ነው፤ የራሷ እጅ። ገልበጥ ስታደርገው ጀርባው ላይ ሌላ ምልክት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭራሮ ታስሮ መጥረቢያ ተሰክቶበታል። የመንግሥታቸው ምልክት ነው አሉ።»

«ሳሙና ላይ ማገዶ ያትማሉ?»

«የባሰውን ልንገርሽ። ከሮም በመጡ ባለሙያዎች የተሠራ ነው እያሉ ነው የሚሸጡት። ሴቱ ሁሉ ተሰልፎ እየገዛ ነው። እኔ ሱቅ የምትመጣው ያቺ ያለምወርቅ እንኳ፣ የሮም ሳሙና ሌላ ነው እኮ፣ አለችኝ።»

የብርጓል ያለምወርቅን የነቀሰቻት በገዛ እጇ ነበር፤ ያውም የዓሣ አጥንት። ጣሊያን ቢዘርፋት ዘራፊ ነው። የራሷ ሰው፣ የራሷን ጥለት አንገቱ ላይ ተሸክሞ የሮም ነው ማለቱ ግን ከዘረፋም ባሰባት።

ሐሙስ ግራዝማች አንሙት ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ።

«እመት የብርጓል፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤልሽ መጥቻለሁ። እሑድ በጦር ሰፈሩ ሜዳ ላይ ትልቅ ስብሰባ አለ። መንግሥት ለአገሬው ያስተማረው የእጅ ሥራ ይታያል። አንቺም ትቆሚና ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ።»

«ምን ብዬ፣ አንሙት?»

«ግራዝማች በይኝ እንጂ።»

«ማዕረግህ ገና አልደረቀም። ሲደርቅ እነካዋለሁ።»

ግራዝማች ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳሙናውን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው ትያለሽ። እጅ ትነሻለሽ። ጆንያሽን ተሸክመሽ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሻለቃው ራሱ ቃል ሰጥቷል።»

«ሃያ ሁለቱንም?»

«ሃያ ሁለቱንም።»

እሱ ሲወጣ ነፊሳ በአጥሩ ቀዳዳ ስትሰማ ቆይታ ኖሮ ገባች። «በይው» አለቻት። «ቃል ነው፤ ያልፋል። ማተሚያውን ግን ካጣሽ በምን ትሠሪያለሽ? አንቺ እኮ ገበሬ አይደለሽም፤ መሬት የለሽ፣ በሬ የለሽ።»

የብርጓል ሦስት ሌሊት አሰበችበት። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ስታጣፋ ልትለው ወስና ነበር። ያን ብላ፣ ጆንያዋን ተሸክማ፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት አፏን በአመድ ውኃ ልታጥበው ነበር ያሰበችው።

በሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ከደብረ ወርቅ፣ ከመርጡለ ማርያም፣ ከሰማይም ጭምር የመጣ ይመስል ነበር፤ ነፊሳ ግን ሦስት መቶ ቢሆን ነው ትላለች። ሴቶቹን ከፊት አቁመዋቸዋል። ሻለቃው አንድ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ተናገረ፤ ታረቀኝ የሚባለው አስተርጓሚ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ አማርኛ ይመልሳል።

«ሻለቃው እንዲህ ይላሉ። እኛ ከመምጣታችን በፊት ይህ ሕዝብ ሳሙና የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። በላቡ ነበር የሚታጠበው ይላሉ።»

የብርጓል ዋጠችው። ጥርሷን ነክሳ ከጠረጴዛው ጎን ቆመች፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት እያለች። ሻለቃው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሳሙና አንሥቶ በእጇ አስያዛትና እንድትናገር በአገጩ አመለከታት።

አደይ አበባው ነበር። የብርጓል ከሃያ ሁለቱ ሁሉ የምትወደው፣ አንድ ክረምት ሙሉ የቀረጸችው። ዝቅ ብላ አየችው። የአበባው ቅጠል ጠርዙ ፈርሷል፤ መሐሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ አንዱ ጎን እንደ ላሸ ቂጣ ተንሸራትቷል። ሳሙናው ሳይጠነክር ነው የታተመው። አንድ ደንባራ እጅ፣ አውራ ጣቱን እንኳ ሳይሞክር፣ የእሷን አደይ ጭቃ ላይ እንደ ኮቴ ረግጦበታል።

ይህን ግን መዋጥ አልቻለችም። ስርቆቱን ውጣለች፣ ላብ መባሉን ውጣለች፤ ይህ አልወርድ አላት።

«ይህን ያተመው ማነው?» አለች።

ሳሙናውን ለሜዳው ሁሉ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ያተመውን አምጡልኝና እጁን ልየው። ይህ ሥራ የእኔ ነው። አደዩን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ሳሙናውን የማፈላው እኔ ነኝ፤ አያቴም ታፈላ ነበር። የሮም ሰው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የሰው ጓሮ ገብቶ መዝረፍ ነው፤ እሱንም ገና አልለመድኩትም። ሰርቃችሁ እንኳ ማተም አልቻላችሁም።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ታረቀኝ ወደ ሻለቃው ዞሮ ተናገረ፤ ረዘም አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሻለቃው ፈገግ አለ። አጠገቡ ያሉት መኮንኖች አጨበጨቡ።

የብርጓል ግራ ገባት። ለስድብ የሚያጨበጭብ ሰው አይታ አታውቅም።

«አንተ፣ ምንድን ነው ያልከው?»

ታረቀኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው የመለሰላት። «ዘላለም አመሰግናለሁ አለች ብያለሁ። ነፍስሽን ነው ያዳንኩት፣ እመት የብርጓል። ማተሚያሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ግራዝማች አንሙትም ጆንያውን እየጎተተ መጣ። እግሯ አጠገብ ነው ያስቀመጠው። እጇን ብትሰድ ትደርስበታለች። የዋንዛው ሽታ እንኳ ይመጣባታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስንቱ በስንት ዓይነት ያወራዋል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። የብርጓል ጆንያውን በእግሯ ገፋችውና፣ ያችን የተበላሸች ሳሙና ይዛ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ከፊት የቆመችው የጠጅ ነጋዴዋ ማሬ ነበረች። የብርጓል የማሬን ነጠላ ጫፍ ከአንገቷ ላይ ገለጠችውና ሳሙናውን ከጉሮሮዋ ሥር አስጠጋችው። ማሬ አንገቷ ላይ ያው አደይ አለ፤ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት የተነቀሰ፣ ጠርዙ ያልፈረሰ፣ ቅጠሉ የተሟላ።

የብርጓል ወደ ሻለቃው ዞረች። «ይህን ተርጉም» አለችው ታረቀኝን።

ታረቀኝ ምን ይተረጉማል?

ሻለቃው ሳሙናውን አየ። የማሬን አንገት አየ። ፈገግታው እንደ ቀለጠ ሞራ ቀስ ብሎ ወረደ። ያኔ ከማሬ ቀጥላ የቆመችው ሴት፣ ማንም ሳያዛት፣ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች፤ ሐብሉ ነው። ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ፤ የእባብ መንገዱ። መጨረሻ ላይ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ያለምወርቅ፤ የዓሣ አጥንቱ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳሙና ሁሉ በየአንገቱ ላይ ተደርድሮ ቆመ።

ሻለቃው እንደ ሣንቃ በደረቀ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ታረቀኝ አልተረጎመውም፤ ሊተረጎም የሚገባውም አልነበረም። ግራዝማች አንሙት ማዕረጉን የሚያስረዳ ይመስል እጁን እያወናጨፈ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጆንያውን አስካሪዎቹ አንሥተው ወደ ጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት ወሰዱት። የብርጓልን ደግሞ አንድ መጋዘን ውስጥ ቆልፈውባት ዋሉ። ሃያ ሁለቱ ማተሚያዎች ሲነዱ ጢሱን በመስኮቱ አየችው። ዋንዛ ሲነድ ጢሱ ነጭ ነው። አላለቀሰችም፤ እንባዋን ንዴቷ አድርቆት ነበር።

አመሻሽ ላይ ለቀቋት። በሰፈሩ በር ላይ ሰባት መቶ ሴት ተቀምጦ አንነሣም ስላለ ነው ይባላል። ነፊሳ ሠላሳ ሁለት ነበርን ትላለች፤ ሆኖም ሠላሳ ሁለት የማርቆስ ሴት በአንድ በር ላይ ሲቀመጥ የትኛውም ሻለቃ በዚያ በር ሊወጣ አይችልም።

በማግስቱ ጠዋት ማሬ በር አንኳኳች። ከኋላዋ ሌሎቹ አሉ። ያለምወርቅ ከሁሉም ኋላ ናት፤ በእጇ የዋንዛ ግንድ ታቅፋለች፤ ከባድ ስለሆነ ታቃስታለች።

«ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለች የብርጓል።

«ከአንገታችን ላይ ወደ እንጨቱ ገልብጪው» አለች ማሬ። «ሁሉም እኛ ላይ አለ አይደለም?»

የብርጓል አንገታቸውን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ያለምወርቅን ጠራቻት።

«የሮም ሳሙና እንዴት ነው?»

ያለምወርቅ ግንዱን ሳታስቀምጥ ቆመች። «ፊቴን አሳከከኝ።»

«ደግ አደረገ። እዚያ ማዶ አስቀምጪው፤ ጥላ ቦታ። አንቺን መጨረሻ ላይ ነው የማይሽ።»

ማሬን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ አገጯን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋችና መቅረጫዋን ሳለች። አንገቷን አፍንጫዋ እስኪነካው ድረስ ተጠግታ መረመረችው። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ይህ ሦስተኛው ቅጠል ጠማማ ነው።»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት አንገቴ ላይ ተሸክሜው ዛሬ ነው ጠማማ የሚሆነው?»

«ልጅ ነበርኩ። እጄ አልጸናም ነበር። እንጨቱ ላይ አቃናዋለሁ።»

«እኔንስ?»

«አንቺን ማን ሳሙና ያደርግሻል። አትናገሪ፤ ጉሮሮሽ ይንቀሳቀሳል።»

መቅረጫው ዋንዛውን ሲበላ ሌሎቹ ሴቶች በግድግዳው ሥር ተራቸውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ እየጨመረች መጣች። ማሬ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ታገሠችና፣ በመጨረሻ አገጯን እንደ ሰቀለች በጥርሷ መሐል ተናገረች።

«የብርጓል፣ አንገቴ ሊሰበር ነው። ያኔ በመርፌ ስትወጊኝ እንኳ እንዲህ አልከበደኝም።»

«ያኔ አልተናደድኩም ነበር» አለች የብርጓል። «ቀና በይ።»