የተገዘተው ፔዳል

"ፔዳሉን ፈታሁት፣" አለች የትናየት።

ቃለ አብ ወንበሩን እየጎተተ አጠገቧ መጣ። "ለምን? ትናንት ደህና ተቀምጦ ያደረውን ምን አስነካሽ?"

"ይዞር እንደሆነ ልየው ብዬ ነዋ።"

"የተገዘተ እንዴት ይዞራል? መልሺው ባክሽ! ከሰዓት እኮ ነው የምናቀርበው።"

የኅዳር ብርድ በኮምፒዩተር ክፍሉ መስኮት እየገባ ጣት ያደነዝዛል። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ስክሪኑን ታይ ጀመር።

ሁለቱም ደባርቅ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ሥራቸው በእግር እየተረገጠ የሚሠራ የገብስ መውቂያ ነው፤ ለጊዜው ያለው ኮምፒዩተር ላይ በሥዕል ብቻ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ባለጥርሱን ድራም ያዞራል፣ ድራሙ ዛላውን ይመታል። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን ሁሉ በራሱ አያውቅም። ይህ ከዚያ ጋር ይግጠም፣ ያ በዚህ ዙሪያ ይዙር እየተባለ አንድ በአንድ ይነገረዋል። ትእዛዙ ሲያንሰው ክፍሎቹ እንዳሻቸው ይንሳፈፋሉ። ሲበዛበት ደግሞ ትእዛዞቹ እርስ በርስ ይጋጩበትና ስክሪኑ በቀይ ምልክት ይሞላል።

ለዚህ ጊዜ የሚደርስ አንድ ትእዛዝ አለ፤ የተመረጠውን ክፍል ባለበት ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ሶፍትዌሩ "ፊክስ" ይለዋል። ከተማሪው ግማሹ የቄስ ወይም የመሪጌታ ልጅ ስለሆነ እነሱ ዘንድ ስሙ "ግዝት" ነው። ካህን የገዘተው ሰው እስኪፈታ ድረስ ከተባለው ንቅንቅ አይልምና። መሠረቱን ብቻ መግዘት ደንብ ነው፤ የቀሩት ክፍሎች እርስ በርስ ተያይዘው ነው መቆም ያለባቸው። ቀዩ ያስመረረው ተማሪ ግን ሁሉንም ይገዝትና ይገላገላል። ሥዕሉ ያምራል፣ ስክሪኑ ይጠራል፣ መምህሩም ሥዕሉን አይቶ ያልፋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ትናንት ሁሉንም የገዘተችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን የመሪጌታ ዓለምብርሃን ልጅ፣ ራሷ የትናየት ናት።

ዛሬ ሰላም የነሳት ጠዋት የተነገረው ነው። መምህር ሕሩይ በበሩ ብቅ ብለው፣ "ብረቱ ገብቷል። ዛሬ ከምታቀርቡት አንዱን እንመርጥና ነገ ጠዋት መቁረጥ እንጀምራለን" ብለው ሄዱ። የተመረጠው መውቂያ ተሠርቶ የሚሞከረው ዘንድሮውኑ፣ በሠሪዎቹ አገር እንደሆነ ቀድሞ ተነግሯል። የትናየት አገሯን ስትጠየቅ የእናቷን አውድማ ነው ያስመዘገበችው፤ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ማዶ።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ቀዬአቸው ኔትወርክ ስለሌለው የሚደውሉት ገበያ የወጡ ቀን ብቻ ነው።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ? የመውቂያው መኪና ደረሰ ወይ?"

"ዛሬ ነው የሚታይ፣ እማ።"

"ነዶው ተከምሮ መኪናውን ነው የሚጠብቅ። አያ ገዱ፣ 'በሬ ትፈልጊ እንደሁ ከአሁኑ ንገሪኝ፣ ወረፋ የያዙ አሉ' ቢለኝ፣ 'ዘንድሮስ የሰው በሬ አልለምንም፣ ልጄ መኪና ታመጣልኛለች' አልኩት። አገሩ ሁሉ ሰምቷል!"

"እሺ እማ፤ ቆይቼ እደውላለሁ።"

አባቷ መሪጌታ የሞቱ ጊዜ አንዱ በሬያቸው ለተዝካር ታረደ። ቀሪውም ብቻውን ስለማያርስ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ወለተ ሥላሴ በውቂያ ሰሞን በሬ ለማኝ ሆኑ። የተለመነ በሬ ደግሞ የሚመጣው ባለቤቱ የራሱን ወቅቶ፣ ዘመዱንም ወቅቶ ሲጨርስ ነው። አንድ ዓመት ያለጊዜው ዝናብ ወርዶ ገብሱ እክምሩ ላይ ሳለ በቀለ። የትናየት ያን አረንጓዴ ክምር አትረሳውም፤ መውቂያ መሥራት የፈለገችው ያኔ ነው።

ወደ ማውሱ ተመለሰች። ከመሠረቱ በቀር የቀሩትን ክፍሎች ፈታቻቸው። ዘንጉን ከፔዳሉ፣ ድራሙን ከዘንጉ ጋር እንደ ሥርዓቱ አያያዘች። በዚህ ጊዜ ቀይ አልወጣም። ፔዳሉን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችው። ዘንጉ ተገፋ፣ ድራሙም ዞረ።

"ዞረ!" አለች፤ ደስታው ከወንበሯ ሊያስነሳት ነበር።

"አላልኩሽም?" አለ ቃለ አብ፣ ያላለውን።

ፔዳሉ ተመልሶ ሲወጣ ግን ጫፉ ከድራሙ ጥርሶች መካከል ገባ። ስክሪን ላይ ብረት በብረት ውስጥ ያልፋል፤ አውድማ ላይ አያልፍም። የፔዳሉ ጫፍ ደግሞ እግር የሚያርፍበት ነው።

ቃለ አብ ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ዘንጉ ጋ አሳረፈ።

"ዘንጉን ብናሳጥረውስ?"

አሳጠረችው። ድራሙ ግማሽ ዞሮ ቆመ።

"ሁሉን የያዘው ፍሬም ነው ከፍ ማለት ያለበት፣" አለች። "እሱ ከተለወጠ ሁሉም እንደ አዲስ ነው። ለዛሬ አይደርስም።"

"እንግዲያው እንደተገዘተ አቅርቢው። ከተመረጠ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክላለን።"

"ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚቆረጠው።"

"ወርክሾፕ ያሉት ያዩታል።"

"ወርክሾፕ የሚሠራው የተሳለለትን ነው፣ ቃለ አብ። እኛ ያላየነውን እነሱ ምን ዕዳ አለባቸው?"

"ታዲያ 'ሥራችን አይሠራም' ብለን ልናቀርብ? የትኛው ሞኝ ነው እንዲህ የሚያደርግ?"

መመረጡን ከእሱ ይልቅ እሷ ናት የምትፈልገው። ስለዚህ የትናንቱን ፋይል መልሳ ከፈተችው። ሁሉም የተገዘተበት መውቂያ ብቅ አለ፤ ጥርሶቹ የተደረደሩ፣ ፔዳሉ ወርዶ የተቀመጠ። እውነትም ያምራል። ቢያቀርቡት ይመረጣል፤ የሌሎቹን አይታለች። ጣቷ ማውሱ ላይ ቆየ። የእናቷ እግር ታያት፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገው፣ ተረከዙ የተሰነጠቀው፣ ያንን ፔዳል ሲረግጥ።

ፋይሉን ዘጋችው። የተፈታውን ፍላሽ ላይ ገለበጠችና ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እናቷ ከገበያው ከወጡ እስከሚቀጥለው ገበያ አይገኙም።

"እማ፣ ገና አልሄድሽም?"

"መነሣቴ ነው። ምነው ድምፅሽ?"

"አያ ገዱን በሬ ለምኚው።"

"መኪናውሳ?"

"ለዘንድሮ አልደረሰም። እንዲህ እንዳለ ቢሠራ እግር ይቆርጣል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እማ።"

"ለአገሩ ሁሉ ነግሬ…" አሉ ወለተ ሥላሴ። "ይሁን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ እኔም በአፌ ቸኮልኩ። እንግዲያስ ሳይመሽ አያ ገዱ ደጅ ልድረስ። ለጎረቤታችን ለወለተ ጊዮርጊስ ተራውን ሰጥቷት እንደሁ፣ ከሷ ቀጥሎ እንኳ ቢያደርገኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። የትናየት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"የእነ የትናየት ቡድን!" ሲሉ መምህር ሕሩይ ከአዳራሹ ተጣሩ።

ቃለ አብ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፍላሹን እጇ ላይ አየ። "የቱን ነው የያዝሽው?"

"የተፈታውን።"

"ቢያንስ ሲወርድ ያለውን ብቻ አሳዪያቸው። ሲወርድ ደህና ነው።"

"እስኪጋጭ ድረስ ነው የማዞረው፣" አለችውና ቀድማው ገባች።