ብርቱካናማው ጥርስ

«ይኼ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የተወራለት?» አለ የአውቶቡስ ሾፌሩ ሻክ፣ በኖራ የተሰመረውን መስመር በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ እንደቆመ። «የእኔ አውቶቡስ እንኳ እዚህ ውስጥ አይዞርም።»

«የአንተ አውቶቡስ የት ዞሮ ያውቃል?» አለችው ኮሪ። «የዳቦ ቤታችንን የአበባ ገንዳ ገጭቶ የጣለው ማን ሆነና?»

ከኋላቸው የነበሩት ሳቁ። ሻክም አብሮ ሳቀ፤ በዚያ የአበባ ገንዳ መተረቡን ለምዶታል።

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ጭቃው ጫማ ይዞ አልለቅም ይላል። የኤልዘንቦስ ፓርክ ወዳጆች ማኅበር አባላት ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ የግንባታ ሄልሜት ደፍተው፣ በዚህ ቅዳሜ ጧት እንደ ክብር እንግዳ በዋናው በር ገብተው ባዶው መሬት ላይ ቆመዋል። ለኮሪ የተሰጣት ሄልሜት ሰፍቷት ቅንድቧ ላይ እየወረደ ያስቸግራታል፤ እሷ ግን ልብም አላለችው። በሳምንት ሦስት ቀን በመንደሩ ዳቦ ቤት ዳቦ ትሸጣለች፤ የቀረውን ጊዜዋን ያለ ስስት ለኤልዘንቦስ ነው የሰጠችው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆነች ቆይታለች፤ ሌላ ሰው ይመረጥ ብሎ ያነሳም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት የመዝናኛ ፓርኩ ሰዎች ከኋላ በኩል የነበሩትን ዛፎች ቆረጡና «ጨው ወደብ» የሚባል አዲስ መንደር እንሠራለን አሉ። የጥንት የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነው፤ ውሃ፣ ጀልባ፣ ኮብልስቶን፣ የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት ጎጆ ይኖረዋል። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ማኅበሩ እንቅልፍ አጣ። በኢንተርኔት ገጻቸው ላይ ሰው ራቱን እያቀዘቀዘ ይከራከር ጀመር፤ ሁለት ጎራም ሆኑ። ሻክና ወገኖቹ ነገር ሁሉ በስፋት ነው ባዮች ናቸው፤ ሰው የማይጠፋበት መንደር መንደር አይባልም ይላሉ። ዮሪስና ወገኖቹ ደግሞ ጥበት ይወዳሉ። ዮሪስ ቲልበርግ ከተማ በአንድ የወጥ ቤት ዕቃ መደብር ውስጥ የሰዎችን ወጥ ቤት በንድፍ የሚሠራ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ የማይረጋ ወጣት ነው። ሁሉን በአንዴ ያየ ሰው ምንም አላየም፤ መንገዱ ጠበብ፣ ጠምዘዝ ይበል፤ እያንዳንዱ ማዕዘን የሚቀጥለውን ይደብቅ፤ ይላል። ኮሪ መሐል ሆና ትዳኛቸዋለች። ሁለቱንም ስለምትወዳቸው አንዱንም አሳዝና አታውቅም።

የፓርኩ ንድፍ ሠሪ ማርጎ የምትባል ረጅም ሴት ነች። ባዶ መሬት ሁልጊዜ ትንሽ እንደሚመስል፣ ግድግዳው ሲቆም እንደሚሰፋ አስረዳቻቸው።

«ባለቤቴም ስለ መኝታ ቤታችን እንደዚያ ነበር ያለችኝ» አለ ሻክ። «ከዚያ ቁም ሳጥኑ መጣ።»

ማርጎ እየሳቀች ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ንድፉ ሰኞ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ማኅበሩ አንድ፣ አንድ ብቻ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ጥያቄውን የምታቀርበው ሊቀመንበሯ ናት። ምን እንደምትጠይቅ ደግሞ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ ብርቱካናማውን ጥርስ ነው።

ዛፎቹ በተቆረጡ ማግስት አንዱ አባል ከአጥሩ ላይ ብዥ ያለ ፎቶ አንስቶ ለጥፎ ነበር። በፎቶው ላይ ከቦዩ ማዶ፣ በግድቡ መንገድ ላይ፣ አንድ ብርቱካናማ ጣሪያ ብቻውን ተገትሮ ይታያል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከምንም በላይ የሚጠሉት አንዴ ፓርኩ ውስጥ ከገቡ በኋላ የውጭውን ዓለም ማየት ነው። በጥንት ወደብ ውስጥ ቆመህ የጎረቤት ጣሪያ ካየህ ምኑን ጥንት ሆነ? «ብርቱካናማው ጥርስ» የሚለውን ስም ያወጣለት ዮሪስ ነበር። ክፉኛ የዘለፈችው ግን ኮሪ ናት። «እንዲህ ያለ ሸክላ ጣሪያው ላይ የሚደረድር ሰው ዓይን የለውም ወይስ ጎረቤት የለውም?» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ የእሷን ያህል የተወደደ ጽሑፍ በገጹ ላይ አልታየም። እሷ የጥርስ ሐኪሙ ቤት መስሏት ነበር። በግድቡ መንገድ ጫፍ ላይ ያለው የሐኪሙ ጣሪያ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ይወጋል። «የጥርስ ሐኪም ጥርስ» እያለች ለብቻዋም ስቃበታለች።

መፍትሔውንም ያመጣችው እሷ ነች። ጣሪያውን ለመጋረድ የአፈር ጉብታ ይነሳ ቢባል፣ የጉብታው እግር የመንደሩን ሲሶ ይበላል። ሻክ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ስለዚህ ኮሪ፣ ፓርኩ ባለቤቱን አስፈቅዶ ጣሪያውን በ«አትዩኝ» ይቀባው አለች። አትዩኝ ማለት ፓርኩ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን፣ ሰው ልብ እንዳይለው የሚፈልገውን ሁሉ የሚቀባው ግራጫም አረንጓዴም ያልሆነ ቀለም ነው። ስሙን ያወጡለት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ጎራ በዚህ ተስማማ።

«ኑ፣ ከራሱ ከቦታው እንየው» አለ ዮሪስ። የእንጨቱ መራመጃ ውሃው ላይ የሚዘረጋበትን የኖራ መስመር ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ኮሪ ተከተለችው፤ ሌሎቹ ከኋላ። መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ቆመ። «ልጅ አይስክሬሙን ይዞ የሚቆመው እዚህ ነው። አሁን ቀና በሉ።»

ኮሪ ሄልሜቷን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ቀና አለች።

ጣሪያው እዚያው አለ። ከጣሪያው ሥር ትንሽ መስኮት፣ በመስኮቱ ላይ ደግሞ ነፋስ ይግባው ተብሎ የተዘረጋ ባለ ሰማያዊ መስመር የአልጋ ልብስ ይወዛወዛል። ይህን የአልጋ ልብስ ኮሪ ታውቀዋለች። ዛሬ ጧት ብስክሌቷን ከማንሳቷ በፊት በገዛ እጇ ነው መስኮቱ ላይ የዘረጋችው።

በመጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ አይሆንም የሚል ነበር። ቤቷ በዚህ በኩል ሊሆን አይችልም፤ በግድቡ መንገድ ሌላኛው ጫፍ፣ ከፓርኩ በር በኩል ነው። ግን የኤልዘንቦስ መንገድ ሁሉ ሆን ተብሎ እንዲጠማዘዝ የተሠራ ነው። እያንዳንዷን መታጠፊያ ጨፍና ታውቃለች፤ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ፓርኩ እሷንም እንደሚፈልገው አድርጎ አሳስቷት ኖሯል።

ሸክላውን የደረደረው ሟቹ ባሏ ሄንክ ነው። ከፈረሰ የወተት ፋብሪካ ገዝቶ አምጥቶት፣ እሱ ላይ ሆኖ ሲሠራ እሷ ከመሰላሉ አንድ በአንድ ታቀብለው ነበር። ብርቱካናማነቱ በዝቷል ብላው ነበር ያኔም። «ስመጣ ከሩቅ እንዳየው ነው» አላት። ጣሪያው በምዕራብ በኩል አሁን ያፈሳል፤ ቆጡ ላይ ባልዲ አለ። ሄንክ ለአሻንጉሊት ጫካ ገንዘብ አልከፍልም ብሎ አንድ ቀን እንኳ ወደ ፓርኩ ገብቶ አያውቅም። ጋዜጣውን ይዞ በር ላይ ነበር የሚጠብቃት።

«ሐሳባችን ይኸው ነው» አለ ዮሪስ ለማርጎ። «ሊቀመንበራችን ትንገርሽ።»

ማርጎ ግን ቀደመቻትና፣ ፓርኩ ቀለም ብቻ ሳይሆን አዲስ ጣሪያ ሊያለብስም እንደሚችል ተናገረች። ባለቤቱ እሺ ካለ ወጪው በሙሉ የፓርኩ ይሆናል። ኮሪ ስለ ባልዲው አሰበች። ከዚያ የአልጋ ልብሱን አየች።

ሻክ ጎኗን በክርኑ ነካ አደረጋት። «አንቺ ሴትዮ፣ ምነው ዝም አልሽ? ዝም ስትይ እኮ ያመመሽ ይመስለኛል።»

«ያ የተዘረጋው የአልጋ ልብስ የእኔ ነው» አለች ኮሪ።

ሁሉም ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ሻክ ጀመረው፤ ጉልበቱን ይዞ፣ ሄልሜቱ ጭቃ ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። «ዓይን የለውም ወይስ ጎረቤት የለውም! አንቺው አይደለሽም እንዴ የጻፍሽው?»

«እኔው ነኝ። ደግሞም ቆንጆ አድርጌ ነው የጻፍኩት» አለች፤ እሷም ሳቋ መጣ።

ዮሪስ ብቻ አልሳቀም። ጆሮው ቀልቷል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «እርስዎ መሆንዎን ባውቅ ጥርስ አልለውም ነበር።»

በማኅበሩ ውስጥ ሽማግሌውም ወጣቱም አንተ አንቺ ነው የሚባባለው። ኮሪ ያን «እርስዎ» ከዘለፋው ሁሉ አብልጣ ጠላችው።

«አንቺ በለኝ፣ ልጄ። ቤቴን አየህ እንጂ አያትህ አልሆንኩም።» ከዚያ ወደ ማርጎ ዞረች። «የማኅበሩን ጥያቄ ልንገርሽ። አትቀቡት። ጉብታም አታንሱ።»

ሻክ ሳቁን ዋጠ። «ኮሪ፣ እኛ የተስማማነው...»

«አውቃለሁ ምን እንደተስማማን፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግን እዚህ ቆሜ አላየሁትም ነበር። ወደብ ነው አይደል የሚሠራው? ዓሣ አጥማጅ ከባሕር ሲመለስ የሚያየው ምንድን ነው? አትዩኝ የተቀባ ነገር? የአንዱን ቤት ጣሪያ አይቶ ነው ደረስኩ የሚለው።»

ዮሪስ መነጽሩን ገፋ አደረገ። እሱ በዚህ ነገር ለእናቱም የሚያዳላ ሰው አይደለም። «እሱ ግን የእውነት ቤት ነው» አላት በዝግታ። «የእውነቱን ነው እኮ የምንደብቀው።»

«ለእኔ የእውነት ነው። አይስክሬሙን ለያዘው ልጅ ግን የወደቡ ቤት ነው። እስቲ አንተ ራስህ እየው። እኔን እርሳኝና እየው።»

ዮሪስ አየ። ሁለት እጁን አንስቶ ወደፊት የጀልባ ምሰሶ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በአየር ላይ አሳየ። አንዱን ዓይኑን ጨፈነ። ግራጫው ሰማይ ዝቅ ብሏል፤ በእጆቹ መካከል ያ ጣሪያ ብቻውን እንደ ፍም ይታያል። በዚህ ሰዓት ዮሪስን ማናገር ነውር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«መራመጃው ትንሽ ወደ ግራ ቢዞር» አለ በመጨረሻ፣ «ልክ በምሰሶዎቹ መካከል ይገባል። ከጠባቡ መንገድ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሆናል።» ከዚያ፣ እንደተሸነፈ ሰው ሳይሆን እንዳገኘ ሰው፣ «ቆንጆ ነው» አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሻክ። «ጣሪያው የወደቡ ከሆነ፣ እስከ ጣሪያው ያለውስ? ቦዩስ? ግድቡስ? ያ ሁሉ የወደባችን ሆነ ማለት ነው!» እጁን ዘርግቶ ሜዳውን ሁሉ ጠቀለለው። «አንዲት ሜትር ሳንጠይቅ ከሁሉም ሰፊው መንደር ሆነ እኮ። አውቶቡሴም ዞረ።»

ማርጎ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ በሳቅ ብቻ አትሸነፍም። ቤቱ ቢሸጥስ፣ ነገ ሌላ ሰው ገብቶ ሮዝ ቢቀባውስ ብላ ጠየቀች።

«እኔ ከዚያ ቤት በእግሬ አልወጣም» አለች ኮሪ። «ከእኔ በኋላ የልጄ የዋውት ነው። እሱ ደግሞ ጣሪያውን ቢነካ ከመቃብሬ እነሳለሁ።»

ማርጎ ቃል አልገባችም። መራመጃውን ማዞር ቀላል እንደሆነ፣ ጣሪያውን ግን አለቆቿ ዓይተው ካልወደዱት አዲስ ሸክላ የማልበሱ ሐሳብ እንደገና እንደሚነሳ በግልጽ ነገረቻት። ከዚያ መራመጃው ጫፍ ላይ ቆማ ደጋግማ ፎቶ አነሳች፤ ስታነሳ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ለኮሪ በቂ ነበር። ሰኞ ሁሉም ዓይተው ይወዱታል። ኮሪ አልተጠራጠረችም።

ሌሎቹ የዓሣው ጎጆ የት ይሁን በሚለው ክርክር ጀምረው ወደ በሩ መመለስ ያዙ፤ ሻክ እዚህ ሲል ዮሪስ እዚያ ይላል። ኮሪ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረች። ሄንክ፣ አለች በልቧ፣ ሳትከፍል ገባህ።

እንደገና ቀና ብላ አየችው። አሁን ግን የምታየው እንደ ቤቷ አይደለም፤ ዮሪስ እንዳየው አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው። ጣሪያው ጥሩ ነው። የጭስ ማውጫው ጥሩ ነው። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ግን አንድ ነጭ ክብ ነገር አፍጥጦ ያያታል። ፊቷን አጨማደደች፤ ስልኳንም አወጣች።

«ዋውት፣ ነገ ረጅሙን መሰላል ይዘህ ና።»

«ምነው፣ ጣሪያው ባሰበት እንዴ፣ እማ?»

«ጣሪያውን አትነካውም። ዲሹን ነው የምታወርድልኝ።»

«ዲሹን? የበረዶ ሸርተቴ ውድድሩን በምን ልታዪ ነው?»

«አንተ ቤት መጥቼ አያለሁ» አለች። «በጥንት ወደብ ውስጥ ዲሽ የለም።»

ስልኩን ዘጋች። የአልጋ ልብሱ አሁንም መስኮቱ ላይ ነፋስ እየሞላው ይነፋል፤ ያንን ለአፍታ እያየች አሰበችበት። እሱስ ይሁን። ወደብ ያለ ሸራ አይሆንም። ሄልሜቷን ከቅንድቧ ገፋ አድርጋ ጎጆው የት ይሁን ወደሚለው ክርክር በፍጥነት ተራመደች።