ለግሌንዳ የተላጨንበት ቅዳሜ

ግሌንዳ የጡት ካንሰር እንዳለባት የነገረችኝ አውቶቡስ ስንረካከብ ነው። እሷ ከመሪው ወርዳ እኔ ልተካት ስል፣ ዝናቡ እላያችን ላይ እየወረደ፣ «ማክሲን፣ የኋላው በር ዛሬም አልዘጋ ብሏል፤ ደግሞ ካንሰር አለብሽ ብለውኛል» አለችኝና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ግሌንዳ እንዲህ ናት። በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድታለች። እኔንም ያሠለጠነችኝ እሷ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት የቆመ የወተት መኪና ገጭቼ ስንሰቀሰቅ፣ «አልቅሺ፤ ግን ፍሬኑን ያዢ» ነበር ያለችኝ።

ሕክምናውን ስትጀምር ፀጉሯ ረገፈ። ያኔ ነው አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ጋራዥ ውስጥ ሐሳቡ የመጣው፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ለግሌንዳ ሲል ይላጫል፣ ዘመድ ወዳጁ ደግሞ የካንሰር ሕሙማንን ለሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ያዋጣል። እኔም ስሜን ሦስተኛ ላይ ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ በራሴ ኮርቼ ነበር። ፀጉሬ ወገቤ ድረስ ስለሚወርድ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያውቀኝ በሱ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ፌንዊክ ነገሩን እንደሰማ የራሱ ድግስ አደረገው። የኩባንያው ስም የተጻፈበት ትልቅ ጨርቅ አሰቀለ፤ ከከተማው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ጠራ፤ «ቶንዶሱንም የምይዘው እኔ ነኝ» አለ። ግሌንዳን ግን «ምን ይሰማሻል?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ ጠዋት የሠራተኞች ክበብ ጢም ብሎ ሞላ። ግሌንዳ አረንጓዴ ሻሽ አስራ ከፊት ተቀምጣለች። ፊቷን አጨፍግጋለች፤ እኔ ድካም መስሎኝ ነበር። ሁለት ወንዶች ቀድመውኝ ተላጩ።

«አቤት ጭንቅላት! የተላጠ ድንች!» ይላል አንዱ።

«ሚስትህ ዛሬ በሩን አትከፍትልህም!» ይላል ሌላው።

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ከዚያ ተራዬ ሆነና ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስተር ፌንዊክ ወደ ካሜራው ፈገግ እያለ የቀኙን ጎን ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አወረደው። ፀጉሬ መሬት ላይ ሲወድቅ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ግሌንዳ ዞሬ ሳቅሁ።

ግሌንዳ አላጨበጨበችም። ተነስታ መጣችና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«የኔ ፀጉር ትራሴ ላይ ሲቀር ሳምንት ሙሉ አልቅሻለሁ። አንቺ እየሳቅሽ ትጥይዋለሽ። ማን ጠየቀኝ?»

ክው አልኩ። «ግሌንዳ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ ከሆነ ይቺን አንብቢያት። ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰችኝ።» ከኮቷ ኪስ ደብዳቤ አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

አነበብኩት። ወደ ሥራ የምትመለስበት ጊዜ ስለማይታወቅ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ተሰናብታለች ይላል። ከታች የፌንዊክ ፊርማ አለ። ሰውየው ያን የፈረመበትን እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፎ ለፎቶ እየተዘጋጀ ነበር።

ደሜ ፈላ። ግማሽ እንደተላጨሁ ብድግ አልኩ።

«ሚስተር ፌንዊክ፣ ይሄ ፊርማ የርስዎ ነው?»

«ማክሲን፣ ይሄ የግል ጉዳይ ነው። ሰኞ ቢሮ ብቅ በይና...»

«ፊርማው ያንተ ነው ወይ?» እርስዎ ማለቴ እዚያው ላይ አበቃ።

«ውሳኔው የዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ እኔ ምን ላድርግ...»

«በቀኝ እጅህ አባርረሃት በግራህ ልታቅፋት ነው? በበሽታዋ ፎቶ ልትነሳበት? ትንሽ አታፍርም?»

ወደ ግሌንዳ ዞርኩና፣ ይኼን ጊዜስ ጠየቅኋት። «ላንብበው?»

«ጮክ በይ» አለችኝ። «ከኋላ ያሉትም ይስሙ።»

ቃል በቃል አነበብኩት። ስጨርስ የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ዴዝመንድ፣ በር የሚያህል ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ቶንዶሱን ከፌንዊክ እጅ ወሰደ። «ተራው ያንተ ነው፣ ጌታው። ተቀመጥ» አለው። ፌንዊክ በወጥ ቤቱ በር ሹልክ ብሎ ወጣ። አንዱ የኩባንያው ስም ያለበትን ያንን ጨርቅ ከነገመዱ ገነጠለው።

ግሌንዳ ቶንዶሱን ከዴዝመንድ ተቀበለችው። «ግማሽ ሆነሽ ልትሄጂ ነው? ቁጭ በይ።»

መድኃኒቱ ጣቶቿን ስላደነዘዛቸው ቶንዶሱን አጥብቃ መያዝ አልቻለችም። ሁለት ቦታ ቧጠጠችኝ።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ሰኞ ማለዳ አድማ ያለ ሰው የለም። ሕጉን እናውቃለን፤ ድምፅ ሳይሰጥ ሥራ ማቆም አይቻልም። ብቻ ሁላችንም መመሪያው እንደሚያዘው እያንዳንዱን ጎማ፣ እያንዳንዱን መብራት፣ እያንዳንዱን የመስታወት መጥረጊያ አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርን። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ አንድም አውቶቡስ ከጋራዡ አልወጣም። ከተማው በየፌርማታው ተገትሮ የኩባንያውን ስልክ ሲያጨናንቅ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ግሌንዳ ደወለችልኝ። ሌላ ደብዳቤ በሰው ልከውላታል።

«ስሚ ምን እንደሚል፤ 'በስህተት ለተላከው ደብዳቤና ለደረሰብዎት መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።' መጉላላት! ማክሲን፣ መጉላላት አሉት!» ከዚያ በኋላ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። እኔም አብሬያት ተሳደብኩ። ሥራዋ ተመልሶላታል፤ ግን እኔ ቁጣዬ አልወረደልኝም። ፌንዊክ የሥራ አስኪያጅነት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

ግሌንዳ ሕክምናዋን ጨርሳ በዓመቱ ወደ መሪዋ ተመለሰች። የመጀመሪያው ቀን ፌንዊክ እቅፍ አበባ ይዞ ወደ አውቶቡሷ በር መጣ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግሌንዳ።»

አበባውን አየችው፤ እሱን አየችው።

«የሚሳፈሩ ከሆነ ቲኬት ይቁረጡ» አለችው። «ካልሆነ ከበሩ ዞር ይበሉልኝ፣ ሰው ይግባበት።»

ዞር አለ። ሦስት አሮጊቶችና አንዲት ጋሪ የምትገፋ እናት ገቡ። ግሌንዳ በሩን ዘግታ መንገዷን ቀጠለች።